ኩርድ በኤርቢል፣ ኩርድ በዲያርባክር

ኤርቢል በኢራቅ፣ ዲያርባክር በቱርክ ትገኛለች፤ ሁለቱም የኩርድ ሕዝብ ከተሞች ናቸው፤ መብቱ ግን ለየቅል ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በኢራቅ የ2005ቱ ሕገ መንግሥት ኩርድኛን ከዐረብኛ እኩል የመንግሥት ቋንቋ አድርጎታል። የኩርዲስታን ራስ ገዝ ክልል መዲና ኤርቢል የራሷ ፓርላማ አላት፤ ልጆችም በኩርድኛ ይማራሉ። ይህ ግን እንዲሁ በዋዛ አልተገኘም፤ በ1988 ሐላብጃ በተባለች የኢራቅ ኩርዶች ከተማ 5,000 ያህል ሰው የሳዳም ሁሴን ጦር በጣለው መርዝ ጋዝ አልቋል።

በቱርክ ጣጣው እስከ ፊደል ይወርዳል። ኩርድኛ ከሚጻፍባቸው የላቲን ፊደላት ሦስቱ (q፣ w፣ x) በቱርክኛ ገበታ ስለሌሉ እስከ 2013 በይፋ መጠቀም ክልክል ነበር። ኩርዳዊቷ የፓርላማ አባል ለይላ ዛና በ1991 የፓርላማ ቃለ መሐላዋን በኩርድኛ ብትቋጭ ምክር ቤቱ ተናወጠ፤ በ1994 ታስራ አሥር ዓመት ወህኒ ከረመች። ዛሬ የመንግሥት ቴሌቪዥን የኩርድኛ ጣቢያ አለው፣ ተማሪም ኩርድኛን በምርጫ ይወስዳል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ግን ከቱርክኛ ሌላ ቋንቋ በትምህርት ቤት በአፍ መፍቻ ቋንቋነት እንዳይሰጥ እንደከለከለ ነው።

በቋንቋ ረገድ ሚዛኑ ለኤርቢል ያደላል እላለሁ። የመናገር ነጻነት ሲነሳ ግን ቆም ማለት ያሻል፦ በ2021 ጋዜጠኞች ላይ የስድስት ዓመት እስራት የፈረደው እዚያው ኤርቢል ያለ ፍርድ ቤት ነው።