ቮልሴን ከገመድ ፍሬን ወደ ዘይት ፍሬን ከቀየርኩ ስምንት ወር ሞላኝ

ባለፈው ጥቅምት የቮልሴን የፊት አክስል በሙሉ አስወጥቼ የዘይት ፍሬን ያለው አስገባሁ። አሁን ሰኔ ነው። ወደ 3,500 ኪሎ ሜትር ነድቻታለሁ፤ አብዛኛው እዚሁ ጎንደር ውስጥ፣ ዳገትና ቁልቁለት ላይ። ከመጀመሬ በፊት ይህን ሥራ ያሠራ ሰው ብዙ ፈልጌ ነበር፤ አላገኘሁም። ስለዚህ ያየሁትን ሁሉ፣ ደጉንም ክፉውንም ልጻፈው።

መኪናዋን የወረስኳት ከአባቴ ነው። እ.ኤ.አ. የ1960 ስታንዳርድ ናት። ቮልስ የገመድ ፍሬን ነበረው ስል ብዙ ሰው አያምነኝም። ኤክስፖርት የሚባለው ሞዴል ከ1950 ጀምሮ የዘይት ፍሬን አለው። ረከስ ያለው ስታንዳርድ ግን እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ በገመድ ነበር የሚቆመው። ፔዳሉን ስትረግጡ አንድ ዘንግ ይጎተታል፤ እሱ ደግሞ አራት ገመድ ይስባል፣ ለእያንዳንዱ ጎማ አንድ።

ችግሩ ገመድ ይለጠጣል። በሽፋኑ ውስጥ ይዝጋል። አንዱ ጠብቆ ሌላው ይላላል። ያኔ ፍሬን ስትይዙ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይሄዳል። የኔዋ ሁልጊዜ ወደ ግራ ነበር፤ ወደሚመጣው መኪና ማለት ነው። አባቴ ነፍሳቸውን ይማርና በየሁለት ሳምንቱ ከሥሯ ገብተው ገመዶቹን ግሪስ ያጠጡ፣ ያጠብቁ ነበር። እኔም ዓመታት እንደሳቸው አደረግሁ። ግን በሳቸው ዘመን መንገዱ ባዶ ነበር። ዛሬ ከፒያሳ እስከ አራዳ ድረስ ስንት ባጃጅ ነው ፊታችሁ ላይ ቀጥ የሚለው!

ፍሬኑን እንድቀይር ያስወሰነችኝ እናቴ ናት። ቁስቋም ልትሳለም ስወስዳት፣ ስንመለስ ቁልቁለቱ አናት ላይ «አውርደኝ፣ በእግሬ ልውረድ» ትለኝ ነበር። ጉልበቷ እያመማት።

ሥራውን የያዙልኝ ጋሼ የምላቸው አንድ አንጋፋ መካኒክ ናቸው። መጀመሪያ የነበረኝ ሐሳብ ፍሬኑን ብቻ መቀየር ነበር። ጋሼ «ልጄ፣ በቁራጭ አትልፋ፤ እግሩን ከነሙሉ አምጣው» አሉኝ፤ የፊት አክስሉን ማለታቸው ነው። እውነታቸውን ነው። የቮልስ የፊት እግር ከሻንሲው ጋር የሚታሰረው በአራት ብሎን ነው። ከጎማው ጋር የሚዞረው ታምቡር፣ ታምቡሩን ተጭኖ የሚይዘው ሸራ፣ በዘይት ግፊት ሸራውን የሚገፋው የጎማው ሲሊንደር፣ ሁሉም አብሮ ይመጣል። እስከ 1965 የተሠሩት የፊት እግራቸው አንድ ዓይነት ስለሆነ የ1964 አክስል ልክክ ብሎ ገባ። ከ1966 ወዲህ ያሉት ቦል ጆይንት የሚባል ሌላ ዓይነት መጋጠሚያ ያላቸው ናቸው፤ ስትገዙ ይህን አይታችሁ ግዙ። እኔ ያገኘሁት አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ፣ ሁለት ቀን ዞሬ ነው። የኋላውንም የፍሬን ዕቃ ከዚያው መኪና ወሰድኩ፤ የፊቱን በዘይት የኋላውን በገመድ በአንድ ፔዳል ማስማማት ከንቱ ድካም ነው።

አክስሉ በግማሽ ቀን ገባ። ያስቸገረን ማስተር ሲሊንደሩ ነው፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው ማለት ነው። በገመድ መኪና ላይ እሱ የሚቀመጥበት ቦታ የለም። በያጅ አስጠርተን መቀመጫ ተሠራለት፣ ፔዳሉም ተቀየረ። የዘይቱ ዕቃ ከፊት ኮፈኑ ውስጥ፣ ከመጠባበቂያ ጎማው ጀርባ ነው። ሁሉም ካለቀ በኋላ የፍሬን መብራት እምቢ አለ። ለካ አዲሱ ማብሪያ በዘይቱ ግፊት ነው የሚሠራው፤ ሽቦውን ወደ ማስተር ሲሊንደሩ ማዞር ነበረብን። ታምቡሮቹን ቶርኖ ቤት ወስደን አስላጭተናቸዋል። ይህን አትዝለሉት። የተሸረከተ ታምቡር ላይ አዲስ ሸራ ማሰር ሸራውን መጣል ነው።

ከዘይቱ መስመር አየር ማስወጣቱም ትዕግሥት ይጠይቃል። ከማስተር ሲሊንደሩ ከሚርቀው ይጀመራል፦ የቀኝ ኋላ፣ የግራ ኋላ፣ የቀኝ ፊት፣ በመጨረሻ የግራ ፊት። እኛ መጀመሪያ ቀን ቸኩለን ነበር። ፔዳሉ ልስልስ ብሎ ሰመጠ። በማግስቱ እንደገና ሠራነው፤ ያኔ እግሬ ሥር ድንጋይ ሆነ።

ታዲያ ምን ተለወጠ? አዘዞ መንገድ ላይ ሜዳ ቦታ መርጬ በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሞከርኩ። በገመዱ ጊዜ ለመቆም 26 እርምጃ ይፈጅባት ነበር፤ አሁን 15። ደስ ብሎኛል። ከዚህ በላይ ያስደሰተኝ ግን ቀጥ ብላ መቆሟ ነው። በቱቦ ውስጥ የተዘጋ ዘይት ሲገፋ ግፊቱ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ነው። ግራውም ቀኙም ሲሊንደር አንድ ዓይነት ጫና ይደርሰዋል። እግሬን ስጭን መሪው ከእጄ አይሸሽም። ከጎሃ ሆቴል ቁልቁል ስወርድ ሁለት እጄን አጥብቄ መሪውን የማንቀው ነገር ቀርቷል። ኅዳር 6፣ የቁስቋም ለት፣ እናቴ ቁልቁለቱን አብራኝ ወረደች። ታች ደርሰን ነው ዞር ብላ ያየችኝ።

አሁን ደግሞ ክፉው። ከጥምቀት በኋላ ነው። ከተማው ገና በእንግዳ ተጨናንቋል። ከፒያሳ ወደ ታች ስወርድ ፔዳሉን ብረግጥ ወለሉ ድረስ ገባ። ምንም የለም። ማርሽ ወደ ሁለት፣ ከዚያ ወደ አንድ አወረድኩ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያልኩ ሳብኩ፣ ጠርዙን ታክኬ ቆምኩ። ሰው አልተነካም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ስንፈታው የቀኝ ፊት ሲሊንደር ነው ያፈሰሰው። «ታድሷል» ብለው የሸጡልኝ ሰዎች ዘይቱ እንዳይወጣ የሚያግደውን ጎሚኒ ብቻ ነው የቀየሩት። የሲሊንደሩ ውስጥ በዝገት ተበልቷል። በተቆፈረ ብረት ላይ አዲስ ጎሚኒ ሦስት ወር ነው የቆየው። እስካሁን ሳስበው ያናድደኛል። ሌላው ሌላው ነገር አሮጌ ይሁን፤ የጎማ ሲሊንደርና ዘይቱን የሚያደርሰውን የላስቲክ ቱቦ ግን አዲስ ግዙ። አራቱንም ቀየርኩ፤ ከዚያ ወዲህ ጠብታ አላየሁም።

ያን ቀን የገባኝ ነገር አለ። ገመድ ሲደክም ቀስ በቀስ ይነግራችኋል። አንዱ ቢበጠስ ሦስቱ ይቀራሉ። የኔ ዓይነቱ ባለ አንድ መስመር የዘይት ፍሬን ግን አንዱ ጋ ካፈሰሰ አራቱም አብረው ይሄዳሉ፤ ማስጠንቀቂያውም ሰከንድ ነው። ስለዚህ አሁን ሁልጊዜ ቅዳሜ ጧት ኮፈኑን ከፍቼ ዘይቱን አያለሁ። ትንሽ ከጎደለ ሳልሞላ በፊት የት እንደሄደ እፈልጋለሁ። አራቱንም ጎማ ከውስጥ በኩል በእጄ እዳስሳለሁ።

የእጅ ፍሬኑም እንደድሮው አይደለም። ድሮ አራቱንም ጎማ ይይዝ ነበር፤ አሁን የኋላ ሁለቱን ብቻ ነው። ዳገት ላይ ሳቆም ማርሽ አስገብቼ ጎማው ሥር ድንጋይ አደርጋለሁ። ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ታምቡር ያው ታምቡር ነው። ውሃ ያለበት መንገድ ካለፍኩ በኋላ ሸራው እስኪደርቅ ፔዳሉን ቀለል አድርጌ እየረገጥኩ እሄዳለሁ። በረጅም ቁልቁለትም ይግላል፤ ከማርሽ ጋር ካልሆነ በፍሬን ብቻ አትውረዱ።

ስለ ዘይቱ አንድ ነገር። እኔ ዶት 4 የሚባለውን የፍሬን ዘይት ነው የምጠቀመው። አዲስ ሲሆን የመፍያ ነጥቡ ቢያንስ 230 ዲግሪ ነው፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። ከአየር ላይ ውሃ ይስባል። ስለዚህ ተከፍቶ የከረመ ጣሳ ቢሰጧችሁም አትቀበሉ። የሞተር ዘይት እንዳይነካው፤ ጎሚኒውን ያሳብጠዋል። በየሁለት ዓመቱ በሙሉ ለመቀየር አስቤያለሁ።

የድሮውን አክስል አልሸጥኩትም። ገመዶቹ፣ ዘንጉ፣ ፔዳሉ፣ ሁሉም በግሪስ ተቀብተው ጓዳ ተቀምጠዋል። አባቴ በእጃቸው የያዙት ነው።

ቀጣዩ ሥራ ባለ ሁለት መስመር ማስተር ሲሊንደር ነው። የፊቱና የኋላው ለየብቻ ይሆናል፤ አንዱ ቢያፈስ ሌላው ይይዛል። ዕቃው አዲስ አበባ ተገኝቶልኛል፤ የሚያመጣልኝ ሰው ነው የምጠብቀው። ጋሼም «ክረምቱ ሳይበረታ እንሥራው» ብለውኛል።