ለሕፃን የመጀመሪያ ምግብ፦ ቀጭን አጥሚት ወይስ ወፈር ያለ ገንፎ?

በደሴም ሆነ በቃሉ ወረዳ፣ ሕፃኑ 6 ወር ሞልቶት ከጡት ወተት ጋር ተጨማሪ ምግብ ሲጀምር፣ ምርጫው ብዙ ጊዜ በአጥሚትና በገንፎ መካከል ነው። አጥሚት ለመዋጥ ቢቀልም አብዛኛው ውኃ ስለሆነ ትንሿን ሆድ ሞልቶ ጥቂት ኃይል ብቻ ይሰጣል፤ በጡጦ ሲሆን ደግሞ ጡጦው በደንብ ለማጽዳት ስለሚያስቸግር ለተቅማጥ ያጋልጣል። አጥሚቱ ለአራሷ ይቆይ።

ከማሽላ ወይም ከጤፍና ከሽምብራ ዱቄት የተሠራ፣ ከማንኪያ የማይፈስ ገንፎ ግን፣ በተለይ እንቁላልና ጥቂት ዘይት ሲታከልበት፣ በትንሽ መጠን ብዙ ይመግባል። ከጠጠረ ውኃ ከመጨመር ይልቅ፣ ለብ ሲል ጥቂት የብቅል ዱቄት ቀላቅሎ እንደገና ማብሰል ይሻላል፤ ብቅሉ (ለጠላ ብቻ አይደለም) ስታርቹን (ገንፎውን የሚያወፍረውን የእህሉን ክፍል) ሰባብሮ ገንፎውን ያላላዋል። ማር ግን ሕፃኑ 1 ዓመት ሳይሞላው በሁለቱም አይገባም። ገንፎው እስከ 8 ወር በቀን ከ2 እስከ 3 ጊዜ፣ ከ9 ወር ጀምሮ ከ3 እስከ 4 ጊዜ ይሰጣል።