ምዲና፦ ከመርከቡ አስጎብኚ ጋር ወይስ በራስ?

መርከቡ ማልታ፣ ቫሌታ ወደብ ላይ ለአንድ ቀን ከቆመ፣ ኮረብታ ላይ በግንብ የታጠረችውን ምዲናን ሳያዩ መመለስ ያስቆጫል። ከመርከቡ አስጎብኚ ጋር መሄድ ለሚቸኩል ይመቻል፤ መንገድ ቢዘጋም መርከቡ ቡድኑን ይጠብቃል። ዋጋው ግን ይወደዳል፣ ደግሞም ጠባቡ ጎዳና ላይ አርባ ሰው ተከትሎ መግባት አለ።

እኔ በራስ መሄዱን እመርጣለሁ። ከወደቡ በባራካ ሊፍት ሽቅብ፣ ከዚያ ከቫሌታ ከተማ በር ውጪ ካለው መናኸሪያ ከምዲና አጠገብ ወዳለችው ራባት የሚሄደውን አውቶቡስ መያዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1724 የተሠራውን የምዲናን በር ሲያልፉ የማር ቀለም ያለው ድንጋይና የራስዎ ኮቴ ብቻ ይቀራሉ። ካቴድራሉ በሐዋርያው ጳውሎስ ስም ነው፤ አዎ፣ እሱ የተሳፈረበት መርከብ የተሰበረባት ደሴት ይህችው ናት። ሲወጡ ራባት ላይ በአተር የተሞላ ትኩስ ፓስቲዚ (ሳምቡሳ መሰል መክሰስ) ይግዙ። ሰዓት ግን ይያዙ፤ በራሱ የሄደን መርከብ አይጠብቅም።