ደብረ ወርቅ ለምትሄዱ፦ «ባለ ቦራዋን» ጠይቁ

ከደብረ ወርቅ መርጡለ ማርያም ድረስ በቅሎውን ይዞ ለመራን ሰው ይህን ምስጋና መጻፍ የነበረብኝ ፍልሰታ እንደተፈታ ነበር። መጀመሪያ እግሬ አብጦ ተኛሁ፤ ቀጥሎ የልጆች ትምህርት ቤት ምዝገባ መጣ፤ ይኸው እስከ መስከረም ጎተትኩት። እናቴ ግን አልረሳችም። በስልክ ባወራን ቁጥር «ለዚያ ሰውዬ ጻፍሽለት?» ትለኛለች። ስለዚህ ልጻፍ። ለእሱም ምስጋና ይሁን፣ በክረምት በዚያ መንገድ ለምታልፉም ጥቆማ።

ነገሩ ስለት ነው። ታናሽ ወንድሜ በጠና ታሞ በነበረ ጊዜ እናቴ «ልጄን አስነሺልኝ እንጂ በፍልሰታ መርጡለ ማርያም በእግሬ መጥቼ እሳለምሻለሁ» ብላ ተሳለች። ልጁ ዳነ፤ እንዲያውም አሁን ወፍሯል። ስለቱ ግን ሳይፈጸም ቆይቶ ክረምት በገባ ቁጥር ቤታችን ውስጥ ይነሣል። «በመኪና ሄደን ከተማው መግቢያ ላይ እንወርድና በእግር እንገባለን» ብንላት «እኔ ለማርያም የነገርኳትን እናንተ ልታሻሽሉት ነው?» አለች። ስድሳ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ብርድ ሲሆን ጉልበቷን ያማታል። የቢቸና ልጅ ናት። የቢቸና ሰው አንዴ ካለ አለ ነው፤ ክርክሩ እዚያ ላይ አለቀ።

ለማታውቁት፣ መርጡለ ማርያም ምሥራቅ ጎጃም፣ እነብሴ ሳር ምድር ውስጥ ናት። ትውፊቱ ከአክሱም ጽዮን ቀጥላ የተመሠረተች ናት ይላል። ንግሥት እሌኒ በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ያሠራችው ቤተ መቅደስ ፍራሽ፣ ሐረግ የተቀረጸበት ድንጋዩ፣ ዛሬም ቆሞ ይታያል። የምንነሣበት ደብረ ወርቅ ደግሞ ቅዱስ ሉቃስ ሣላት የምትባለው የእመቤታችን ሥዕል ያለችበት ደብር ነው። የእናቴ አሳብ ከአንዷ ደጅ ተነሥታ በሌላዋ ደጅ መግባት ነው።

ከአዲስ አበባ ሳንነሣ አንድ ሰው በስልክ «በቅሎ አዘጋጃለሁ» ብሎ ቀብድ ተቀበለን። የዓባይን በረሃ በጉም ውስጥ ወርደን ወጥተን፣ በደጀን በቢቸና አድርገን ነሐሴ 13 ማታ ደብረ ወርቅ ስንደርስ ስልኩ ዝግ ነው። ቡሄ ስለሆነ የልጆቹ ጅራፍ ከየአቅጣጫው ይጮሃል፤ ዶፉ ይወርዳል፤ እኔ፣ እናቴና የአክስቴ ልጅ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ሻንጣ ታቅፈን ቆመናል። ሻይ የምታፈላው ልጅ አየችንና «ባለ ቦራዋን ልጥራላችሁ?» አለች።

ቦራዋ በቅሎዋ ናት፤ ግንባሯ ላይ ነጭ አላት። የሰውዬውን ስም አልጽፍም፤ አደራ ብሎኛል። «ስሜን ማርያም ታውቀዋለች፤ ገበያተኛው የሚያውቀው በቅሎዬን ነው» ነው ያለኝ። አምሳዎቹን ያጋመሰ፣ ቀጠን ያለ ሰው ነው። ላስቲክ ተከናንቦ፣ ቦቲ ተጫምቶ መጣ። ስለ ገንዘብ ሳይሆን ስለ ጫማችን ነው መጀመሪያ የጠየቀው። የእኔን ስኒከር በዘንጉ ጫፍ ነካ አደረገና «ይኼ ለአስፋልት ነው» አለ። ውድ ጫማ ነበር፤ ትንሽ ከፋኝ። ማታውኑ ሱቅ አስከፍቶ ለሦስታችንም ኮንጎ ጫማ አስገዛን። በማግስቱ መረሬው ላይ ስንገባ ነው የገባኝ። ጥቁር አፈር ሲርስ የጨርቅ ጫማን እንደ ሊጥ ይይዘዋል፤ እግርህን ስታነሣ ጫማው እዚያው ይቀራል። ኮንጎ ግን የገባበት ውኃ መልሶ ይወጣል፣ ጭቃውም ሣር ላይ ሲጠረግ ይለቃል።

ሁለተኛው ችግር እናቴ ናት፤ በቅሎ አልቀመጥም አለች። «በእግሬ ብያለሁ።» ሰውዬው ሃይማኖት አልተከራከራትም። «ደግ እናቴ። ቦራዋ ሻንጣ ትሸከም። ዳገት ሲሆን ግን ጅራቷን ይያዙ፤ ጅራት መያዝ መቀመጥ አይደለም» አላት። እናቴ አስባ አስባ ተስማማች። እናም ስድሳ ሰባት ዓመት የሞላት ሴት አንድ እጇ ምርኩዝ፣ አንድ እጇ የበቅሎ ጅራት ይዛ፣ ነጠላዋን በላስቲክ ሸፍና፣ ውዳሴ ማርያም እያነበነበች ዳገቱን ስትወጣ ማየት ነበረባችሁ። ፎቶ አንሥቼ ነበር፤ «ጅራት ይዤማ አታሳዩኝም» ስላለች አልለጥፈውም።

ነሐሴ 14 ከንጋቱ 12 ሰዓት ወጣን። በጊዜ ካልወጣን አልሄድም ያለው እሱ ነው። በክረምት ዝናቡ የሚበረታው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ወንዝ የሚሞላው ወደ ማታ ነው፤ ጠዋት ደግሞ ይጎድላል። መንገደኛ ወንዙን በጠዋት ካላገኘው እንግዲህ እንደ ዕድሉ ነው ይላል። እኛ አላገኘነውም። እናቴ በየዛፉ ሥር ስታርፍ፣ የአክስቴ ልጅ ሁለት ጊዜ ማጥ ውስጥ ስትገባ፣ ወንዙ ጋ ስንደርስ 7 ሰዓት ሆነ።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ወንዙ ዳር ስላደረገው ነገር ነው፤ ሌላው ሁሉ ጭማሪ ነው።

የመኪናው መንገድ ድልድይ አለው። እኛ ግን እናቴ በልጅነቷ ከእናቷ ጋር ያለፈችበትን የእግር መንገድ ይዘናል። በበጋ እረኞች ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለሉ የሚሻገሩት ነው አሉን። እኛ ስንደርስ ድፍርስ ብሎ፣ ገለባና የከብት እበት ይዞ ይወርዳል። ግን ያን ያህል የሚያስፈራ አልነበረም። ከላያችን ፀሐይ ወጥታለች፤ ወርዱም ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። «እንግባ» አልኩ።

አልመለሰልኝም። አንዲት ነጭ ጠጠር አነሣና ውኃው ጫፍ ላይ፣ ደረቁና እርጥቡ የሚገናኙበት ላይ፣ አስቀመጣት። አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ሌላ አስቀመጠ። ከዚያ ቁጢጥ አለ። ቦራዋም ቆመች። አንድ ሲኒ ቡና በሚጠጣበት ጊዜ ውስጥ የመጀመሪያዋ ጠጠር ጠፋች። «ገና እየመጣ ነው» አለ። ወደ ምዕራብ ሲጠቁመኝ ጮቄ ተራራ በኩል ሰማዩ እንደ ምጣድ ጠቁሯል። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሱሃም፣ ሙጋም፣ ጨሞጋም ከዚያ ነው የሚወርዱት። እዚያ የዘነበው እዚህ የሚደርሰው ቆይቶ ነው። አንተ ፀሐይ እየሞቅህ ደራሽ ይመጣብሃል ማለት ነው።

ከዚያ ጆሮህን አቅርብ አለኝ፤ የአንቺና የአንተ አጠራሩ ለሁሉም አንድ ነው፣ በኋላ ለመድኩት። ጎንበስ ብዬ ሳዳምጥ ከውኃው ድምፅ ሥር ሌላ ድምፅ አለ፤ ዱብ ዱብ የሚል፣ የታፈነ። የወንዙ ወለል ላይ ድንጋይ እየተንከባለለ እርስ በርሱ ሲጋጭ ነው። «ይኼ ድምፅ ሳይቆም እግር አይገባም። ውኃው ባይጥልህ ድንጋዩ ቁርጭምጭሚትህን ይመታና ይጥልሃል።»

ቁጭ አልን። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት። የያዝነው የሚጠጣ ውኃ አለቀ፤ የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚባለው ለካ እውነት ነው። በዚህ መሐል ከኋላችን የመጡ ወጣት ተሳላሚዎች ዘንግ የያዘ አንድ ጎረምሳ በገንዘብ እያሻገራቸው ገቡ። ተሻገሩ! እኔ ተናደድኩ። «ጋሼ፣ ይኸው እየተሻገሩ አይደለም እንዴ? ቀን እየቆጠርክብን ነው?» አልኩት። አሁን ሳስበው አፍራለሁ። እሱ ግን አልተቆጣም። «ተሻገሩ። እነሱ እናት አልያዙም» አለና ጠጠሮቹን ማየት ቀጠለ። ከመጨረሻዎቹ አንዱ መሐል ላይ ሚዛኑን ሳተ፤ ጓደኞቹ በሸሚዙ ይዘው አወጡት፣ ሻንጣው ግን ሄደ። ባለ ቦራዋ «አየሽ?» አላለኝም። ልጁ ከወዲያ ማዶ ቆሞ ሲስቅ አይቶ ብቻ «ውኃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው» አለ፣ ለራሱ የሚናገር ይመስል።

ያን ቀን ብንገባ እንሻገር ነበር? ምናልባት። እሱም አይቻልም አላለም።

11 ሰዓት ሲሆን አራተኛዋ ጠጠርም ተዋጠች። «ዛሬ በቃ» ብሎ ወደ ኋላ መለሰንና አንድ ጎጆ ደጃፍ ቆሞ «የመሸበት የእግዚአብሔር እንግዳ!» አለ። የቤቱ እመቤት «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ግቡ» አለች፤ ማን እንደሆንን እንኳን አልጠየቀችም። እሳት ዳር ልብሳችንን አደረቅን፤ ባቄላ ቆሎና የሱፍ ፍትፍት አበላችን። እናቴ ሌሊቱን ሙሉ «ለኪዳን እንኳ አልደርስ ይሆን» እያለች ተገላበጠች።

ጠዋት 1 ሰዓት ወረድን። ድንጋዮቹ ላይ ትናንት ውኃው የደረሰበት ቦታ የጭቃ መስመር ቀርቷል፤ ከመስመሩ በታች አንድ ክንድ ተኩል ያህል ጎድሏል። የድንጋዩ ድምፅ የለም። እኔ ጠባቡ ቦታ ይሻላል ብዬ ነበር፤ እሱ ወደ ላይ ወስዶ ውኃው የሚንጣለልበትን ሰፊ ቦታ መረጠ። ጠባብ ቦታ ውኃው ጥልቅም ኃይለኛም ነው። መጀመሪያ ብቻውን በዘንግ እየለካ ደርሶ ተመለሰ፤ ከጉልበቱ በታች ነበር። እኔና የአክስቴን ልጅ አንድ ረጅም ዘንግ አስያዘን። ጫማ አታውልቁ፣ ሻንጣ አትዘሉ፣ ፊታችሁን ወደ ላይ ወደሚመጣው ውኃ አድርጋችሁ በጎን ተራመዱ፣ አንድ እግር ሳይረግጥ ሌላው አይነሣ፣ ውኃውን አትዩ፣ ማዶውን እዩ። ውኃውን ትንሽ ሳየው እውነትም ራሴን አዞረኝ።

እናቴ ግን እዚህ ላይ በቅሎ መቀመጥ ግድ ሆነባት። ለንስሐ አባቷ ደውላ ልትጠይቅ ፈለገች፤ ኔትወርክ የለም። ባለ ቦራዋ ኮርቻውን እያጠበቀ «እናቴ፣ ወንዝ መንገድ አይደለም፤ የመንገድ ማቋረጫ ነው» አላት። ይህ ከየት የመጣ ቀኖና እንደሆነ አላውቅም፤ ግን ወጣች። ልባቡን ይዞ ቀስ እያለ አሻገራት፤ ቦራዋ በየእርምጃዋ ድንጋዩን በሰኮናዋ እየዳበሰች ነው የምትረግጠው። ማዶ እንደወረደች እናቴ ምን እንዳደረገች ታውቃላችሁ? ወንዙ ዳር ዳሩን ሃያ እርምጃ ሄዳ ሃያ ተመለሰች። በቅሎ ላይ የሄደችውን በእግሯ አካካሰች። ባለ ቦራዋ ቆሞ ጠበቃት፤ አልሳቀም።

የቀረው መንገድ ጭቃ ነው፣ ካፊያ ነው፣ ዳገት ነው፤ አላሰለቻችሁም። ነሐሴ 15 ማታ መርጡለ ማርያም ገባን። እናቴ ደጁ ላይ ስትንበረከክ ኮንጎ ጫማዋን ለማውለቅ ያጎነበሰው እሱ ነው፤ እኔ ስልኬን ስፈልግ ነበር። ሌሊቱን ማኅሌት ቆመን፣ በማግስቱ አስቀድሰን ጾሙን ፈታን።

ሒሳብ ላይ ስንደርስ የአንድ ቀን ጭማሪ ልከፍለው ስል «ያስቆምኳችሁ እኔ ነኝ» ብሎ እምቢ አለ። በግድ የተቀበለው ለቦራዋ የገብስ ብቻ ነው። ዋጋውን እዚህ አልጽፍም፤ በዚያ ዋጋ ትከራከሩታላችሁ፣ ገብስም እንደ ድሮው አይደለም።

እንከን የለውም አልልም። ስልኩ አብዛኛውን ጊዜ ዝግ ነው፤ የሚገኘው ማታ ከ1 ሰዓት በኋላ ነው። ስለ በቅሎዋ ዘር ማውራት ከጀመረ አያቆምም፤ እናቷን፣ አያቷን፣ የት እንደተገዙ ትሰማላችሁ። እንቸኩላለን ለሚል ሰውም አይሆንም። ወንዝ ዳር አስቀምጦ ጠጠር ሲቆጥር ውሎ ነገ እንሻገር ይላችኋል፤ አዛውንት ወይም ልጅ ይዛችሁ ከሆነ የምትፈልጉት ደግሞ እንዲህ ያለውን ነው። ደብረ ወርቅ ስትደርሱ የትኛውም ሻይ ቤት ገብታችሁ «ባለ ቦራዋ» በሉ። ስልኩን ለፈለገ በውስጥ እልካለሁ፤ ፈቅዶልኛል።

አንድ ነገር ደግሞ እናቴ ጨምሪ ብላኛለች። ጥለቱ አረንጓዴ የሆነ ነጠላዋን ኮርቻው ላይ አስራ ረስታዋለች፤ እሱ አጥቦ አስቀምጦታል። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ካለ ይዞልን ቢመጣ።