ዋስትናው ስክሪን አይጨምርም

ወገን፣ ታጣፊ ስልክ ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ ብሩን ከመላካችሁ በፊት ይቺን አንብቡልኝ። በተለይ ያገለገለ ልትገዙ ያሰባችሁ። በተለይ ደግሞ ያለ ደረሰኝ፣ «የ3 ወር ዋራንቲ አለው» ብቻ ተብላችሁ።

እኔ 68 ሺህ ብር ከፍዬ የተጠቀምኩበት 11 ሳምንት ብቻ ነው። ዋራንቲው ገና ሳያልቅ ስክሪኑ ሞተ፣ ዋራንቲው ግን ምንም አልጠቀመኝም። ለምን እንዳልጠቀመኝ እመጣበታለሁ።

የእቁብ ብር ነበር። የድሮው ስልኬ ባትሪ ምሳ ሰዓት እንኳ አያደርሰኝም ነበርና እቁቡ ሲደርሰኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ስልክ ነው። ቢሮዬ ለገሃር አካባቢ ነው። ማታ ስወጣ በስታዲየም በኩል በእግሬ ነው የማልፈው፣ እና እዚያ አካባቢ ያለ አንድ ሱቅ መስታወት ውስጥ ያቺን ስልክ ለወራት ሳያት ቆይቻለሁ። ከላይ ወደ ታች የምትታጠፈው ዓይነት ናት፣ እንደ ፓውደር ዕቃ። ስትታጠፍ መዳፍ ውስጥ ትገባለች። ግማሽ ከፍታችሁ ጠረጴዛ ላይ ብታስቀምጧት ራሷን ችላ ትቆማለች፣ ፎቶ አንሱኝ ብላችሁ ሰው አትለምኑም። ስልክ አውርታችሁ ስትጨርሱ ጠቅ አድርጋችሁ ትዘጓታላችሁ። ይሄን ሁሉ አልክድም። በጣም ነበር የምወዳት።

የሱቁ ልጅ ትሁት ነው። «እህቴ፣ ይቺ ከዱባይ ነው የመጣችው፣ ስላይትሊ ዩዝድ ናት፣ አንድ ጭረት ብታገኚባት ብርሽን እመልሳለሁ» አለኝ። እውነትም ጭረት አልነበረባትም። ስክሪኑ እንደ አዲስ ያበራል። «በደረሰኝ ከሆነ 15 በመቶ ይጨመርበታል» ሲለኝ ያለ ደረሰኝ ይሁን አልኩ። በ68 ሺህ ላይ 15 በመቶ ማለት 10,200 ብር ነው፣ ከየት አመጣለሁ። ብሩን ወደ ልጁ የግል ሒሳብ ላኩ። ዋራንቲውን የሱቁ ካርድ ጀርባ ላይ ጻፈልኝ፣ ቀንና ፊርማ አለው። ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። አላነበብኩትም።

8ኛው ሳምንት ላይ እጥፉ መሃል ትንሽ አረፋ የመሰለ ነገር ወጣ። ስወስድለት ልጁ «ስክሪኑ ላይ ያለው ላስቲክ ነው፣ ችግር የለውም» ብሎ 1,500 ብር ተቀበለኝና 10 ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ልጦ ሌላ ለጠፈበት። ከዚያ 3 ሳምንት ቆይቶ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ስከፍታት፣ እጥፉ ላይ ፀጉር የሚያክል ጥቁር መስመር ተጋድሟል። ቢሮ ስደርስ የታችኛው ግማሽ ሲነኩት አይሰማም። ምሳ ሰዓት ላይ ግማሹ አረንጓዴ ሆነ። 11 ሰዓት ላይ ጨርሶ ጠቆረ።

የሚያናድደው ስልኩ ራሱ አልሞተም። ውጭ ላይ ያለችው ትንሿ ስክሪን ትሠራለች። ሰዓት ታሳያለች፣ እናቴ ስትደውል ስሟ ይወጣል። ውስጥ መግባት ግን የለም። ቴሌብር ላይ ያለው ብሬ፣ የባንኩ አፕ፣ የሥራ ሰነዶቼ፣ ባለፈው ፋሲካ ከእናቴ ጋር የተነሳናቸው ፎቶዎች፣ ሁሉም እዚያ ናቸው። ያን ቀን ቤቴ የገባሁት የታክሲ ከባልደረባዬ ተበድሬ ነው። ስልክ አሁን የኪስ ቦርሳም ሆኗል። ያለው ስልክ አንድ ብቻ የሆነ ሰው ይሄን አስቦበት ይግዛ።

በማግስቱ ሱቁ ሄድኩ። ካርዱን አወጣሁ። ልጁ በጣቱ አሳየኝ፣ «ስክሪንና ውሃ አይጨምርም» ይላል። በራሱ እጅ ጽሑፍ፣ ከቀኑ በታች፣ በደቃቅ ፊደል። «እህቴ፣ ስክሪን የትም አገር ዋራንቲ የለውም» አለኝ። ይሄ ውሸት ነው። አምራቾቹ አዲስ ስልክ ሲሸጡ ከፋብሪካ ለመጣ የስክሪን ጉድለት ዋስትና ይሰጣሉ፣ የማይሰጡት ሰው ጥሎ ለሰበረው ነው። ደግሞስ ታጣፊ ስልክ ላይ ከሁሉ ቀድሞ የሚበላሸው ስክሪኑና መታጠፊያው አይደለም እንዴ? ለመኪና ዋስትና ሰጥቶ «ሞተርና ካምቢዮ አይጨምርም» እንደማለት ነው።

ሦስት ጠጋኞች ጋ ሄድኩ። ሁለቱ ገና ሲያዩት «ታጣፊ አንነካም» አሉ። ሦስተኛው ሜክሲኮ አካባቢ ያለ ሰው ነው፣ ዓይኔ እያየ ፈታው። መታጠፊያው ውስጥ ያሳየኝን አልረሳውም። እንደ በርበሬ የደቀቀ አፈር። የእኛው የአዲስ አበባ አቧራ። «ይሄ ላስቲክ ደግሞ ኦሪጅናል አይደለም፣ ከአንድ ጊዜ በላይ ተልጧል፣ ሲላጥ ነው ውስጡ የተጎዳው» አለኝ። ያኔ ነው መጀመሪያ ስገዛት ለምን አንድ ጭረት እንኳ እንዳልነበረባት የገባኝ። ጭረቱ የነበረው በተጣለው ላስቲክ ላይ ነው። ስክሪኑ ከነፍሬሙና ከነመታጠፊያው አንድ ላይ ነው የሚመጣው፣ ከዱባይ ይታዘዛል፣ 45 ሺህ ብር፣ ቀብድ በቅድሚያ፣ ዋስትና የለውም። የ68 ሺህ ብር ስልክ በ45 ሺህ ብር ማስጠገን፣ እሱንም ለስንት ጊዜ እንደሆነ ሳላውቅ። ተውኩት።

ከዚህ በኋላ ነው ቁጭ ብዬ ማንበብ የጀመርኩት። ከመግዛቴ በፊት ማወቅ የነበረብኝን ልንገራችሁ።

ታጣፊ ስክሪን የለመድነው ዓይነት መስታወት አይደለም። ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በ2020 ፍሊፕ በሚለው ስልኩ ያመጣው መስታወት ውፍረቱ 30 ማይክሮሜትር ገደማ ነው፣ ከሰው ፀጉር ይቀጥናል። እሱ ነው የሚታጠፈው። ከላዩ ላይ ላስቲክ አለ፣ እጃችን የሚነካው ያንን ላስቲክ ነው፣ ጥፍር ጠበቅ ብሎ ካረፈበት ምልክት ይተዋል። ያ ላስቲክ ለጌጥ የተለጠፈ ስክሪን ፕሮቴክተር እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2019 ሳምሰንግ የመጀመሪያውን ጋላክሲ ፎልድ ከሽያጭ በፊት ለሚዲያ ሰዎች ሲሰጥ አንዳንዶቹ ፕሮቴክተር መስሏቸው ላጡት፣ ስክሪኑ ሞተ። በሌሎቹ መታጠፊያው ውስጥ ባዕድ ነገር ገባ። በሚያዝያ መጨረሻ ሊሸጥ የነበረው ስልክ እስከ መስከረም ዘገየ። ሱቅ ውስጥ በ10 ደቂቃ የሚልጡት እንግዲህ ይሄንን ነው።

ሞቶሮላም እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ታጣፊውን ሬዘር ሊያወጣ ሲል በራሱ ቪዲዮ ስክሪኑ ላይ እብጠት ነገር ቢታይ የተለመደ ነው ብሎ ተናግሯል። ሻጩ ራሱ እንዲህ ካለ እኛ ምን እንጠብቅ?

ስለ መታጠፊያው የሚነገረው ደግሞ «200 ሺህ ጊዜ ይታጠፋል» ነው። በቀን 100 ጊዜ ብትከፍቱት ከ5 ዓመት በላይ ማለት ነው፣ ቁጥሩ ደስ ይላል። ግን ያ በቤተ ሙከራ፣ ማሽን አንድ ዓይነት አድርጎ ሲያጥፈው ነው። ቦርሳ ውስጥ ከሳንቲምና ከቆሎ ፍርፋሪ ጋር የሚውል፣ መንገዱ ተቆፍሮ አቧራ በሚጨስበት ሰፈር የሚሄድ ስልክ ሌላ ነገር ነው። ያገለገለ ከሆነ ደግሞ እናንተ እጅ ከመግባቱ በፊት ስንት ሺህ ጊዜ ታጥፏል? ቪትዝ ስትገዙ ኪሎ ሜትሩ ተመልሶ ይሆን ብላችሁ መካኒክ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። እዚህ የሚመለስ ኪሎ ሜትር እንኳ የለም። ሻጩ ያላችሁን ማመን ብቻ ነው።

አቧራውን ነገር ትንሽ ላብራራው፣ ምክንያቱም እዚህ ከተማ ላይ ዋናው እሱ ነው። ስልክ ላይ «አይፒ» ተብሎ ሁለት ቁጥር ይጻፋል። የመጀመሪያው ስለ አቧራ፣ ሁለተኛው ስለ ውሃ ነው። የ2021 የሳምሰንግ ታጣፊዎች አይፒኤክስ8 ናቸው፣ ለውሃ ጥሩ፣ በአቧራ ቦታ ግን ኤክስ ነው ያለው፣ ለአቧራ ቃል አልተገባም። የ2024ቶቹ አይፒ48 ሆኑ። 4 ማለት ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነ ነገር አይገባም ማለት ነው። ፒያሳና ካዛንቺስ ሲፈርስ የዋጥነው አቧራ ግን 1 ሚሊ ሜትር ይሞላል? ከታጣፊዎች መጀመሪያ ሙሉውን የአቧራ ደረጃ፣ አይፒ68 የሚባለውን፣ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው የጉግል ፒክስል 10 ፕሮ ፎልድ ነው። ስለዚህ አሁን ያገለገሉ ተብለው መስታወት ውስጥ የተደረደሩት ከሞላ ጎደል ሁሉም የአዲስ አበባን አቧራ ለመቋቋም የተሠሩ አይደሉም።

«ይረክሳል፣ ልጠብቅ» የምትሉም አላችሁ። የ2019ኙ ፎልድ ሲወጣ 1,980 ዶላር ነበር። የ2025ቱ ፎልድ 7 በ1,999 ዶላር ወጣ። መሃል ላይ ትንሽ ወርዶ ነበር፣ ከ6 ዓመት በኋላ ግን ይኸው ተመልሶ እዚያው ነው። በእኛ ብር ደግሞ፣ በእኛው አቆጣጠር በ2011 አንድ ዶላር 30 ብር አይሞላም ነበር፣ ከሐምሌ 2016 በኋላ ከ100 አለፈ። ቴክኖ እ.ኤ.አ. በ2023 ፋንተም ቪ ፎልድና ፋንተም ቪ ፍሊፕ ብሎ ረከስ ያሉ አውጥቷል፣ የስክሪኑ ጣጣ ግን ያው ነው።

ታዲያ ምኞቱ ራሱ ስህተት ነው ወይ? አይመስለኝም። አዲስ፣ የታሸገ፣ በደረሰኝ፣ ስክሪኑን የሚጨምር ዋስትና ያለው፣ ሲበላሽ የምትወስዱበት የታወቀ ቦታ ያለው ከሆነና ብሩ የማይከብዳችሁ ከሆነ ግዙ፣ ደስ ይላችኋል። ትልቁ፣ እንደ መጽሐፍ የሚከፈተው፣ ሰነድ ለሚያነብ ሰው በእውነት ይጠቅማል። በእቁብ ብር፣ ያገለገለ፣ ብቸኛ ስልክ አድርጎ መግዛትን ግን በፍጹም አልመክርም። በዚያው ብር ባትሪው የሚቆይ ደህና ተራ ስልክ ይገኛል።

እምቢ ብላችሁ የምትገዙ ካላችሁ ቢያንስ አትቸኩሉ። ሱቁ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ቁሙ። ጆሯችሁ ስር አድርጋችሁ በቀስታ ክፈቱት ዝጉት፣ አሸዋ የሚፈጭ የሚመስል ድምፅ ካለ ተዉት። ሙሉ በሙሉ ቀጥ ብሎ ይዘረጋል ወይስ ትንሽ ጎበጥ ይላል? ከጎበጠ መታጠፊያው ደክሞ ሊሆን ይችላል። ወደ ፀሐይ አውጡትና እጥፉ ላይ አረፋ ወይም የተነሳ ላስቲክ እንዳለ ፈልጉ። ሳምሰንግ ከሆነ መደወያው ላይ *#0*# ስትጽፉ የስክሪን መፈተሻ ይከፈታል፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊውን በየተራ ሞልታችሁ እዩ፣ ነጠብጣብና መስመር እዚያ ይታያል። *#06# ብላችሁ የሚወጣውን ቁጥር ከካርቶኑ ጋር አስተያዩ። እና በቀጥታ ጠይቁ፦ ላስቲኩ ተቀይሯል ወይ? የት ነው የተቀየረው? ልጁ ከተንተባተበ ውጡ።

ደረሰኙን ነገር እኔ በ10,200 ብር ሸጥኩት። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 813/2006፣ ነጋዴ ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ እንዳለበት፣ ጉድለት ያለበትን ዕቃ የገዛ ሰውም በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ይቀየርልኝ ወይም ብሬ ይመለስልኝ ማለት እንደሚችል ይናገራል። ደረሰኝ ቢኖረኝ ኖሮ ቢያንስ እሱን ይዤ እሟገት ነበር። አሁን እጄ ላይ ያለው ብሩን የላኩበት ማስረጃና የሱቁ ካርድ ነው። ካርዱ ደግሞ ለእሱ ነው የሚመሰክርለት።

ስልኳ መሳቢያዬ ውስጥ ናት። ሁለት ልጆች «ለመለዋወጫ 8 ሺህ እንግዛሽ» ብለውኝ ነበር። ከሁለት የሞቱ ስልኮች አንድ ሠርተው እንደሚሸጡ ያ ጠጋኝ ስለነገረኝ እምቢ አልኩ፣ ሌላ ሰው እጅ እንድትገባ አልፈልግም።

ሐሙስ ማታ በዚያው ሱቅ በኩል ሳልፍ ያው ሞዴል፣ በሌላ ቀለም፣ መስታወቱ ውስጥ ተከፍታ ቆማለች። 72 ሺህ ይላል።