ሳልደርስ የተወቃው ገብስ

ይህን የምጽፈው ለበዓል አገር ቤት ገብታችሁ፣ አዲስ አበባ ላይ መኪና ከነሹፌሩ ተከራይታችሁ ወደ ገጠር ለመውጣት ላሰባችሁ ነው። እኔ ታኅሣሥ 2017 ላይ ከስቶክሆልም ሄጄ ነበር። ብዙው ነገር ጥሩ ነበር። አንዱ ግን እስካሁን ከሆዴ አልወጣም። ከተመለስኩ ሁለት ወር ሊሆነኝ ነው፣ አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ያደግሁት አርሲ ነው፣ ከሳጉሬ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር። አባቴና አጎቴ ጎን ለጎን ያርሱ ነበር። አባቴ ካረፈ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። አጎቴ ግን አሁንም ያርሳል። ስንዴውን እንደ ድሮው በበሬ አያበራይም። ኮምባይነር ይመጣል፣ በኩንታል ሒሳብ ይከፈለዋል፣ የስንት ቀን ሥራ በሰዓታት ያልቃል። ጎረቤቱም ሁሉ እንደዚያው ነው። እኔ የማውቀው አውድማ ከሰፈሩ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም።

ኅዳር ላይ ስደውል አጎቴ እንዲህ አለኝ፤ "ጓሮ ያለችውን ገብስ ለአንቺ ብዬ በእጅ አሳጭጄ ከምሬያታለሁ። በሬ ከጎረቤት ለምኛለሁ። ታኅሣሥ 15፣ ማክሰኞ፣ እናበራያለን። ከደረስሽ እንደ ልጅነትሽ ታይዋለሽ።" ሥራ ቦታዬ ኮሪደር ላይ ቆሜ ነበር የሰማሁት። እንባዬ ዝም ብሎ ወረደ።

ገብስ ማበራየት በእኛ ቤት ዓመቱን ሙሉ የሚጠበቅ ነገር ነበር። ከቀናት በፊት እናቴ አውድማውን ጠርጋ በእበት ትለቀልቀዋለች። ሲደርቅ እንደ ምጣድ ልስልስ ይላል። ከዚያ በኋላ ጫማ አድርጎ መግባት የለም። ነዶው ይበተናል፣ በሬዎቹ ጎን ለጎን ይታሰሩና መዞር ይጀምራሉ። ከመሃል ዳልቻ፣ ከዳር ቦራ። አባቴ ከኋላ እያዜመ ይነዳቸዋል። የእኔ ሥራ አንድ ነበር። በሬው ጭራውን ቀና ሲያደርግ ገለባ በሁለት እጄ አፍሼ እሮጥና፣ እበቱ እህሉ ላይ ሳያርፍ እቀልበዋለሁ። ስድስት ዓመቴ ነበር። ከቀለብኩ አባቴ "ጎሽ የኔ አንበሳ!" ይለኛል። ካመለጠኝ ምንም አይለኝም፣ ዝም ይላል። ያ ዝምታ ይከብደኝ ነበር። የገብሱ ጢም አንገቴ ስር ገብቶ ይበላኛል፣ እሱንም ቢሆን እወደው ነበር። ማታ ምርቱን ለመጠበቅ አባቴ እዚያው ሲያድር እኔም አብሬው ገለባ ውስጥ እተኛለሁ። ከላይ ጋቢ፣ ከስር የቀኑን ሙቀት ያልጨረሰ ገለባ። የጭላሎ ብርድ አይነካንም ነበር።

መሄድ የፈለግሁት ለዚህ ነው። ቀኑ ደግሞ እንደፈለጉ የሚገፋ አልነበረም። በሬዎቹ የሰው ናቸው። በማግስቱ 16 ኪዳነ ምሕረት ናት፣ በእኛ ሰፈር ሥራ የለም። ከዚያ ወዲያ የገብርኤል ሰሞን ነው።

ስለዚህ አልተዘናጋሁም። ገና ስቶክሆልም እያለሁ በስልክ መኪና ያዝኩ። የቢሮውን ስም አልጠራም። ስምምነቱ ሰኞ ታኅሣሥ 14 ጠዋት 2 ሰዓት፣ ሦስት ቀን፣ በቀን 8,500 ብር ከነሹፌሩ፣ ናፍጣ በእኔ። 40,000 ብር ማስያዣ በእህቴ በኩል አስገባሁ። ሰኞ ማታ ሳጉሬ አድሬ ማክሰኞ ጎህ ሳይቀድ አውድማው ዳር ልቆም ነበር ሐሳቤ።

ሰኞ 2 ሰዓት ሻንጣዬን በር ላይ አውጥቼ ቆምኩ። 3 ሰዓት ሆነ። ደወልኩ። "እህቴ፣ አይጨነቁ፣ መንገድ ላይ ነው።" 4 ሰዓት ተኩል ላይ ደግሜ ደወልኩ። "ጎሮ ደርሷል፣ መንገዱ ተዘጋግቶበት ነው።" 7 ሰዓት ላይ መኪናው ጎሮ አልነበረም፣ ናፍጣ ሰልፍ ላይ ነበር። 10 ሰዓት ላይ ሌላ ሰው ስልኩን አነሳና እውነቱን ነገረኝ። መኪናው ከሌላ ደንበኛ ጋር ሐዋሳ ሄዶ ገና አልተመለሰም። "ነገ ጠዋት ግን ለእርስዎ ነው፣ ቃል እገባለሁ" አለኝ። ጠዋቱን ይህን ቢነግረኝ ኖሮ ያን ጊዜ ተነስቼ በሕዝብ ማመላለሻ እሄድ ነበር። ከሁሉም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። መዘግየት ያለ ነገር ነው፣ ናፍጣም ይጠፋል፣ መንገድም ይዘጋል። ግን እውነቱን ንገሩኝ። ስቶክሆልም ውስጥ አውቶቡስ ሰባት ደቂቃ ከዘገየ ሰሌዳው ላይ ይጽፉልሻል። ደስ ባይልሽም ምን እንደምታደርጊ ታውቂያለሽ።

ማክሰኞም ያው ሆነ። "መጣ፣ ደረሰ" ሲባል ውሎ 9 ሰዓት ላይ መጣ። በዚያ ሰዓት አጎቴ አውድማው ላይ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ጊዜ ደውሎልኝ ነበር፣ አራተኛውን ማንሳት አቃተኝ።

ሹፌሩ ጨዋ ልጅ ነው፣ በእሱ አልፈርድም። እሱም ከሐዋሳ ሳያርፍ ነው የመጣው፣ ዓይኑ ቀልቷል። የፍጥነት መንገዱ እንደ ሁልጊዜው ጥሩ ነበር፣ ከአዳማ ወዲያ በዴራ በኢተያ አድርገን አሰላ ስንደርስ ግን መሽቷል። እዚያ አደርን። ስለ አሰላዋ ፔንሲዮን ግን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ትንሽ ቤት ናት፣ ስምንት ክፍል ብትሆን ነው። ሴትየዋ ፊቴን አይታ ምን እንደሆንኩ ሳትጠይቀኝ ተጨማሪ ብርድ ልብስ አመጣችልኝ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ቡና አፍልታ፣ ቆሎ በሰሃን አድርጋ ቀሰቀሰችኝ። ለቡናው ልከፍል ስል ተቆጣችኝ።

ረቡዕ ጠዋት ሳጉሬ ስንደርስ ሹፌሩ ዳር ይዞ ቆመ። ቢሮው ከአስፋልት እንዳይወጣ አዞታል። ፒስታ መግባት በስምምነቱ ውስጥ የለም አሉ። ገጠር እንደምሄድ ከመጀመሪያው ተናግሬአለሁ፣ የአጎቴን መንደር ስም ሳይቀር አስጽፌአለሁ። ልጁን ከቢሮው ጋር ማጣላት አልፈለግሁም። ሻንጣዬን አወረድኩና "አንተ ተመለስ፣ እኔ በራሴ እመለሳለሁ" አልኩት።

ጋሪ ያዝኩ። ባለ ጋሪው ወጣት ነው። "አካም ቡልቴ?" ስለው ፊቱ በራ፣ እኔም ኦሮምኛዬ አፌ ላይ ስላልጠፋ ደስ አለኝ። የማን ልጅ እንደሆንኩ ስነግረው አባቴን በስም ያውቀዋል። ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ነው። 300 ብር ጠየቀኝ፣ እዚያው ለተሳፈሩ ሁለት ሴቶች የጠየቀውን ነው፣ ለእኔ አልጨመረም። ንፋሱ ሲበረታ ጋቢውን አውልቆ እግሬ ላይ ጣል አደረገልኝ። በዚያ ጉዞ ላይ የከፈልኩት ብር ሁሉ እንደዚህ ቢሆን ምን ነበረበት።

ደረስኩ። ኪዳነ ምሕረት ስለሆነች ሁሉም ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ቤት ነበር። አጎቴ አቀፈኝና ምንም ሳይል ወደ ጓሮ ወሰደኝ። አውድማው ባዶ ነው። የበሬዎቹ ኮቴ ክብ ሠርቶ ይታያል። ዳር ዳሩን እብቅ ተሰብስቧል፣ ገለባው ተከምሯል፣ መንሹና ላይዳው አጥሩ ላይ ተደግፈዋል። ምርቱ ገብቷል።

"ጠበቅንሽ" አለኝ። "ፀሐይ ዘንበል ስትል ጀመርን። ምን ላድርግ ልጄ፣ በሬው የሰው ነው።"

ጫማዬን አወለቅሁና መሃሉ ላይ ቆምኩ። ሌላ ምን ማድረግ እንደምችል አላወቅሁም።

አርብ በሚኒባስ ተመለስኩ። ከሳጉሬ አሰላ፣ ከአሰላ አዳማ፣ ከአዳማ አዲስ አበባ። በየመናኸሪያው ብዙም ሳልጠብቅ ሞልቶ ወጣ። ለጠቅላላው የከፈልኩት ቢሮው ለመኪና እጥበት ብቻ ከጻፈብኝ ያነሰ ነው። አዎ፣ እጥበት ጽፈውብኛል፣ 1,000 ብር።

ሒሳቡን ልንገራችሁ፣ እንዳትደነግጡ። የሦስት ቀን ኪራይ 25,500። ትርፍ ኪሎ ሜትር 8,000። የፒስታ 5,000። የሹፌር ውሎ አበል የሁለት ሌሊት 3,000። ከእጥበቱ ጋር 42,500 ብር። ከማስያዣው በላይ 2,500 ጨምሪ አሉኝ።

"መኪናው የመጣው ማክሰኞ 9 ሰዓት ነው፣ ሦስት ቀን ከየት መጣ?" አልኩ።

"ቀኑ የሚቆጠረው ከተያዘበት ጀምሮ ነው" አለኝ የቢሮው ልጅ።

በቀን 100 ኪሎ ሜትር ነው የሚፈቀደው ብለውኛል፣ እሱንም ያን ዕለት ነው የሰማሁት። ሳጉሬ ደርሶ መመለስ 400 ገደማ ነው። በሦስት ቀን ከሆነ ትርፉ 100 ነው። እነሱ 200 ጽፈዋል። "ይሄስ?" ስለው፣ "ኪሎ ሜትሩ የሚቆጠረው መኪናው ከተንቀሳቀሰ ጀምሮ ነው" አለኝ። ብር ሲቀበሉ ቀኑ ሦስት ነው፣ ኪሎ ሜትር ሲፈቅዱ ሁለት ነው። ውሎ አበሉም እንደዚያው፣ ሹፌሩ ያደረው አንድ ሌሊት አሰላ ብቻ ነው። መኪናው አንድም ሜትር ፒስታ አልረገጠም፣ ራሳቸው ናቸው የከለከሉት።

አንድ ሰዓት ተኩል ተከራከርኩ። በመጨረሻ የፒስታውን አነሱልኝ። ከ40,000ው 2,500 መለሱልኝ። ደረሰኝ ስጠይቅ "ሲስተም የለም" ተባልኩ። ልወጣ ስል አንዱ "ለእናንተ እኮ ብዙ አይደለም፣ ዶላሩ ጨምሯል" አለኝ። ሐምሌ 2016 የምንዛሪው ነገር ከተለወጠ ወዲህ ይህን ቃል ስንት ቦታ ሰማሁት። እኔ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የሌሊት ተረኛ ነኝ። ያንን ብር ያገኘሁት ሌሊት ሌሊት የሰው እናትና አባት እያገላበጥኩ ነው። የራሴ አባት ሲያርፍ አልደረስኩም። አሁን ደግሞ አውድማው ላይ አልደረስኩም። ይህን ግን ለዚያ ልጅ አልነገርኩትም።

መኪና የግድ ከሆነባችሁ ሁሉንም በጽሑፍ አድርጉት። ቀኑ ከስንት ሰዓት እንደሚጀምር፣ በቀን ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ፣ ፒስታ ይገባ እንደሆነ፣ የሹፌሩን አዳር ማን እንደሚከፍል። የምትሄዱበትን መንደር ስም አስጽፉ፣ ፎቶ አንሱት። ሙሉ ማስያዣ አስቀድማችሁ አትስጡ። ቀን የሚጠብቃችሁ ነገር ካለ ደግሞ፣ ሠርግም ይሁን ተዝካር ወይም አውድማ፣ ቢያንስ ሁለት ቀን ቀድማችሁ ውጡ። ወደ አርሲ ለምትሄዱ፣ ቃሊቲ ሄዳችሁ የአዳማ መኪና ያዙ። ከአዳማ ወደ አሰላ ሚኒባስ አይጠፋም።

አንድ ነገር ቀረኝ። ሐሙስ ጠዋት አጎቴ ከጎተራው ጀርባ አንድ ነዶ ገብስ ይዞ መጣ። ማክሰኞ ሲበትኑ ይህችን ትቷት ነበር። በሬዎቹ ሄደዋል፣ ስለዚህ አውድማው ላይ አንጥፈን በዱላ ወቃናት፣ እሱ አንድ ጊዜ፣ እኔ አንድ ጊዜ። ንፋሱ ከሰዓት በኋላ ሲነሳ ላይዳውን ሰጠኝ። ወደ ላይ ስወረውር እብቁ ፊቴ ላይ ተመለሰ፣ ጢሙ አንገቴ ስር ገባ። አጎቴ "ንፋሱን በጎንሽ አድርጊው እንጂ፣ አባትሽ አላሳየሽም?" አለና ትከሻዬን ይዞ አዞረኝ። የተገኘው ሁለት እፍኝ ቢሆን ነው። የአጎቴ ባለቤት ያን ማታ ቆላችው። ጾም ስለነበር ለብቻው ቅቤ ያለው ጭኮም ሠርታ "ለገና ትበይዋለሽ" ብላ ሻንጣዬ ውስጥ ከተተችልኝ።

ጭኮው አልቋል። ቆሎው ግን ወጥ ቤቴ መስኮት ላይ በብርሌ ተቀምጧል፣ ከሥራ ስመለስ አምስት አምስት ፍሬ ነው የምበላው። ባለፈው እሑድ አጎቴ ደውሎ "ለመጪው ዓመት ቀኑን አንቺ ቁረጪ፣ በሬውን እኔ እለምናለሁ" አለኝ። ታኅሣሥ 10 ብዬዋለሁ። ኅዳር መጨረሻ ላይ እገባለሁ፣ ከአየር ማረፊያ ቀጥታ ቃሊቲ ነኝ።