ስካነር ወይስ ኮን ቢም ሲቲ?

ፒያሳ አካባቢ ብሬስ (የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ) ልታስሩ ገብታችሁ «ስሪዲ (ባለ ሦስት ገጽታ ምስል) ያስፈልጋል» ከተባላችሁ፣ የትኛው እንደሆነ ጠይቁ፦ ስካነር ወይስ ኮን ቢም ሲቲ? ሁለቱ ለየቅል ናቸው።

የአፍ ውስጥ ስካነር በብርሃን ይሠራል፤ ጨረር የለውም። የሚያየው ግን የጥርስና የድድን ገጽ ብቻ ነው። ያ አፍ ውስጥ የሚደረገው የሚያቅለሸልሽ የጥርስ ልኬት ሊጥ በእሱ ይቀራል፤ ለእኔ ይሄ ብቻውን ይበቃል!

ኮን ቢም ሲቲ አጥንት ውስጥ ያለውን ያሳያል። ጭንቅላትን እየዞረ ብዙ ራጅ ያነሳል፣ ኮምፒውተር ይገጣጥመዋል። ላይኛው መንጋጋ ውስጥ ተቀብሮ የቀረ ክራንቻ አለ እንበል። ወደ ላንቃ ነው ወይስ ወደ ከንፈር ያዘነበለው? የጎረቤቱን ጥርስ ሥር እየበላ ነው? ተራ ራጅ እዚህ ላይ ይቸገራል፤ ኮን ቢም ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ጨረሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከተራው የጥርስ ራጅ ይበልጣል። ስለዚህ ለተጣመመ ጥርስ ሁሉ፣ በተለይ ለልጅ፣ ዝም ብሎ አይታዘዝም።